ተቆርጣ የመጣችው ዱዓ

የበደለችኝ ሐያት ናት። ሐያት የጎረቤቴ የእንድሪስ ልጅ፣ የወጣቶች የሰላም ክበብ ሰብሳቢ፣ በሕፃንነቷ ሰሌኔ ላይ ሸንታ ቁጣዬን ውጬ ያጠብኩላት ሐያት። ስሟን የማነሣው ሐሜት አምሮኝ አይደለም። እሷ የእኔን ስም በትልቅ ወረቀት ጽፋ ግድግዳ ላይ ስለለጠፈች ነው። ብድር በምድር ይሏል ይኸ ነው።

ለመሆኑ ወሬ የማያቀብል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አይቻለሁ የሚል ካለም ያ ራሱ ወሬ ነው። አባቶች «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ብለው ነበር። መላ ማለታቸው ብልሃት ነው ይላል የተማረ ሰው። እኛ ብዙም ያልተማርነው ግን ከነገሩ ሁሉ «ጨምርበት» የምትለዋን ብቻ ይዘን ቀረን።

እኔ ሰሌን ሻጯ ዘይነባ ነኝ። ደጃፌ ከሚሴ፣ ከባጃጆቹ ተራ አጠገብ ነው። ከሰንበቴ ከተማ የመጣ፣ ከጨፋ ሮቢት የመጣ፣ ከደሴ የወረደ፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ሰላምታ ሳያደርስ አያልፍም። ሰላምታው ደግሞ ባዶውን አይመጣም፤ ወሬ አዝሎ ነው። ሬዲዮ ባትሪ ይጨርሳል፤ እኔ አልጨርስም።

የክበቡን ልጆች መጀመሪያ ላይ አልወደድኳቸውም። ግንዛቤ እናስጨብጣለን ብለው ጠሩን፤ እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ፤ የጨበጥኩት ብስኩትና የላስቲክ ውሃ ነው። ደግሞስ እኛ የምናውቀው ዕርቅ ሰው ከተጣላ በኋላ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጫት ተይዞ፣ ዱዓ ተደርጎ የሚያልቅ ነው። እነዚህ ግን ሰው ሳይጣላ እናስታርቅ ይላሉ። ያልታመመ ሰው መርፌ ሲወጋ የት አይታችኋል ብላቸው፣ ሐያት ፈጠን ብላ ክትባት ይባላል አለችኝ። አፏ እንደ እኔ አፍ ነው። የማልወዳትም ለዚህ ነው።

ግን አትፍረዱብን። በዚህ መንገድ ላይ ገበያ ተዘግቶ የከረመበት፣ ሰው ዘመዱን ለመቅበር እንኳ መተላለፊያ ያጣበት ጊዜ አይተናል። ከዚያ ወዲህ የአገሩ ሰው ጆሮ እንደ ተቃጠለ እጅ ነው፤ ገና ሳይነኩት ይሸሻል። ልጆቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ስለዚህ ከቆላ የአፋር ወጣቶችን፣ ከዚህ ደግሞ የከሚሴንና የጨፋ ሮቢትን ወጣቶች ሰንበቴ ላይ አገናኝተው አብረው ዱዓ ሊያደርጉ፣ ከአንድ ገበታ ሊበሉ፣ ግመል ወይም በሬ የጠፋበት ሰው ዱላ ከማንሣቱ በፊት ለማን ስልክ እንደሚያነሣ ሊስማሙ ቀጠሮ ያዙ። ነገሩ መልካም ነው። መልካም ነው ያልኩት አሁን ነው እንጂ ያኔ አላልኩም።

ሐያት በዋዜማው ሰንበቴ ወርዳ አደረች። ጠዋት ከእኛ በኩል የሚመጣው ሰው ሲዘገይባት ለእኔ ደወለች። ለምን ለእኔ? ከእኔ ደጃፍ የወጣ ቃል ከሚኒባስ ቀድሞ እንደሚደርስ ታውቃለቻ።

«አዮ፣ ሰንበቴ ዱዓ ጂራ፤ ደፊ ነመቲ ሂሚ» አለችኝ በኦሮምኛ። አዮ ማለት እናት ማለቷ ነው። የቀረው ደግሞ፣ ሰንበቴ ዱዓ አለ፣ ቶሎ ለሰው ንገሪ፣ ነው።

አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በኦሮምኛችን ዱዓ የምትለዋን ቃል መጨረሻዋን ሳብ ካደረጓት ጸሎት ናት፤ ቆረጥ ካደረጓት ሞት ናት። በጸሎትና በሞት መካከል ያለችው አንዲት ትንፋሽ ናት። ሐያት ሳብ አድርጋታለች፤ ኔትወርኩ ቆረጣት። እኔ ዘንድ የደረሰችው ተቆርጣ ነው። ሰንበቴ ሞት አለ፣ ቶሎ ለሰው ንገሪ። ታዲያ ምን ላድርግ? ቶሎ ለሰው ነገርኩ። እንደ እኔ ታዛዥ ማን አለ?

ከፊቴ ከማል የሚባለው የባጃጅ ሹፌር ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ሰንበቴ ሞት አለ አልኩት። ደንግጦ ስንት ሰው ነው አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አሁን መናገር አያስፈልግም።

ከማል ለሚኒባስ ረዳት ነገረ። ረዳቱ ጨፋ ሮቢት ላይ እህል ለምትሸጥ ሴት ነገረ። እሷ ለገበያው ነገረች። ከዚያ ወዲያ ብዙ ሰው አለቀ እየተባለ ሱቅ ተዘጋ፤ ወጣት የጫኑት መኪኖች ከመንገድ ተመለሱ፤ አንዳንዱ ጎረምሳም ዱላውን ከቤት ማውጣት ጀመረ። ሰንበቴ ላይ ደግሞ የአፋር ልጆች ፍየል አርደው፣ ገበታ ዘርግተው ይጠብቃሉ። የእኛ ሰው ሳይመጣ ሲቀርባቸው እነሱም በተራቸው ከሚሴ ምን ሞት ገባባት ብለው መሥጋት ጀመሩ። እኛ እዚህ ለእነሱ እናለቅሳለን፤ እነሱ እዚያ ለእኛ ያለቅሳሉ። የክበቡ ልጆች በስልክ ወዲያና ወዲህ ተሯሩጠው ነው ነገሩን ያበረዱት። አልሐምዱሊላህ፣ በሁለቱም በኩል ያለቀ ሰው የለም። ያለቀው ፍየሉ ነው።

ሐያት ተመልሳ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አውጫጭኝ ተቀመጠች። አውጫጭኝ ድሮ በሬ ሲሰረቅ አገር ተሰብስቦ፣ ሌባው ሳይለይ ማንም ከቦታው ንቅንቅ የማይልበት ደንብ ነበር። እሷ በበሬው ፋንታ ወሬ ፈለገች። አንቺ ከማን ሰማሽ፣ አንተስ ከማን ሰማህ እያሉ ከጨፋ ሮቢት ወደ ላይ ወጡ፤ ስሙን ሁሉ በቀስት እያያያዙ ጻፉና አዳራሻቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ስጠራ ሄድኩ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ ቀስ ብዬ ነው እንጂ አነባለሁ። ስገባ ያየሁት ስሜን ነው። ዘይነባ፣ በትልቁ፣ ከሁሉም በላይ። ደስ አለኝ። ለካስ እነዚህ ልጆች ታላቅ ማክበር ያውቃሉ አልኩ። ከዚያ ርእሱ ላይ ደረስኩ። «የሐሰት ወሬው መነሻ» ይላል።

ደሜ ፈላ። ተቀመጪ ሲሉኝ አልቀመጥም አልኩ። ቆሜ ሐያትን ጠየቅኳት። ከማል ከእኔ ሰማ፣ ደግ። እኔስ ከማን ሰማሁ? በሕልሜ ታየኝ? ወሬ እንደ እንጉዳይ ዝናብ ሲመታው ከመሬት ብቅ ይላል? ሐያት ስልኩንና የተቆረጠችውን ቃል ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ተነሣች፤ ብዕር አነሣች፤ ከስሜ በላይ የገዛ ስሟን ጻፈችና ቀስቱን ወደ እኔ አወረደችው። ልጆቹ አጨበጨቡ። ለእሷ ይሁን ለእኔ እስከ ዛሬ አልተጣራም። እኔ በበኩሌ ለእኔ ነው ብዬ ተቀብያለሁ።

እዚህ ላይ ብወጣ ኖሮ ንግሥት ሆኜ በወጣሁ። ግን ማንበብ የጀመረ ሰው ማቆም አይሆንለትም። ከከማል ስም ጎን በቀይ «‹ብዙ ሰው› የሚለውን የጨመረ» ተብሎ ተጽፏል። ቀና ስል ከማል ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቷል። ባልደረቦቹ ለአንድ ወር ከተራ ሊያስወጡት መክረዋል አሉ። ሚስቱ ደግሞ አራስ ናት። ማን ጨመረው ብለው ሲጠይቁት፣ እኔ ነኝ ብሏል።

እንግዲህ ያኔ የዘለልኳትን ልንገራችሁ። ስንት ሰው ነው ሲለኝ አላውቅም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በዚያ ደጃፍ ስቀመጥ አላውቅም ብዬ አላውቅም። «ብዙ» አልኩት። ኔትወርኩ የቆረጠው አንዲት ትንፋሽ ነው፤ ሬሳውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ከማል ይህን ያውቃል። አሮጊት በአደባባይ አላዋርድም ብሎ ነው የእኔን ሬሳ ተሸክሞ የተቀመጠው።

ሐያት ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «አዮ፣ ሌላ የሚታረም አለ?» አለችኝ። ታውቃለች። ይቺ ልጅ ከመጀመሪያው ታውቃለች።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ስልሳ ምናምን ዓመት ያጠራቀምኩት ኩራት አንድ ላይ መጥቶ አፌ ላይ ተቀመጠ። ከማል አሁንም መሬት መሬት ያያል።

«አለ» አልኩ። «ብዙ ያልኩት እኔ ነኝ። የዚህን ልጅ አጥፉት። ሰንበቴ የሞተ ሰው የለም፤ ይኸው እዚህ በእፍረት የሞትኩት እኔ ዘይነባ ነኝ። እሱንም ጻፉት።»

መጀመሪያ የሳቀው ከማል ነው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፤ በመጨረሻም እኔ። ቀዩ ጽሑፍ ተሰረዘ፤ ከማልን ከተራ የማስወጣቱም ምክር ቀረ። ለሰንበቴው ዱዓም አዲስ ቀን ተቆረጠ፤ ፍየሉ በዚህኛው ዙር ከእኛ ነው ተባለ። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ በእኛ ዘመን ካስታረቁን ሽማግሌዎች ስንቱ ነው ከጥፋቱ ጎን የገዛ ስሙን በገዛ እጁ የጻፈ? ሐያት ጻፈች። አሁንም አልወዳትም።

በማግስቱ ጠዋት ሰሌኔን ለጎረቤት አደራ ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ጨፋ ሮቢት ወረድኩ። ወሬዬን ልመልስ ነው፤ የጠፋ ከብት የሚፈልገው ባለቤቱ ነዋ። እህል ሻጯን ጠይቄ አገኘኋት። በስም እንተዋወቃለን፤ ሰሌን በሹፌር እልክላታለሁ። በመልክ ግን ተያይተን አናውቅም። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ከከሚሴ ነሽ ወይ አለችኝ። ነኝ አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ኢና ሊላሂ» አለች። «ሰሌን ሻጯ ዘይነባ ሞተች አሉ። ትናንት፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ወጣቱ ሁሉ እያየ።»

ላስተባብል አፌን ከፈትኩ። ሴትዮዋ ግን እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ እንዲያ ያለች ደግ፣ እንዲያ ያለች እጀ ሰፊ፣ ከአፏ ክፉ የማይወጣ እያለች ስለ ሟቿ ገና መጀመሯ ነበር። የሰው ንግግር መሃል መግባት ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። ትጨርስ ብዬ የእህሉ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።