ስምንት ብርጭቆ ውሃና አንድ የዋንዛ ቁራጭ

የሰው ልጅ መቼም ቁጥር የሌለበት ምክር አይጥመውም። «ውሃ ጠጣ» ብትሉት፣ ይህንንማ እናቴም ትለኛለች ብሎ ያልፋችኋል። «በቀን ስምንት ብርጭቆ ጠጣ» ስትሉት ግን ደብተር ያወጣል። ለምን ስምንት ሆነ? ለምን ሰባት ተኩል አልሆነም? ብርጭቆውስ የሻይ ነው የጠላ? ይህን የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። እንዲያውም ያንን ቁጥር ተሸክሜ ቦንጋ ቢሯችን ድረስ ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ ዛሬ የማወጋችሁም ለጉራ ሳይሆን ለኑዛዜ ነው።

ቦንጋን ለማታውቁ፣ ውሃ ከሰማይም ከምድርም የማይጠፋባት ከተማ ናት። የታጠበ ሸሚዝ እስኪደርቅ ሌላ ዝናብ ይመጣል። እንዲህም ሆኖ ጠጡ ስንባል እጃችን የሚሄደው ወደ ቡናው ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። እኔ በዞኑ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ለሥልጠና ጅማ ሄጄ ሳለ፣ ፊቱ ቅቤ የተቀባ የመሰለ አንድ ወጣት ባለሙያ መሀል ላይ ተነሥቶ፣ ቆዳ የሚያምረው በቅባት ሳይሆን በስምንት ብርጭቆ ውሃ ነው ብሎ አስተማረን። አርባን ተሻግሬ ፊቴ እንደ ደረቀ የኮባ ቅጠል መሸብሸብ ጀምሮ ስለነበር፣ ከሥልጠናው ሁሉ በልቤ የቀረው ይኸው ብቻ ሆነ።

ያኔ ሁሉ ነገር በአንድ ለአምስት የሚሠራበት ዘመን ነበር። የእኛ ቡድን ጠርናፊ ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ውሃውን አጀንዳ አደረግሁት። በየሳምንቱ አርብ «ስንት ጠጣችሁ?» እላለሁ፣ አባላቱ «ስምንት» ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ አስካለም «ስምንት» ይላሉ። እትዬ አስካለ የማንኪራ ተወላጅ ናቸው፤ ሰው ሲቆጡ በካፊኖኖ፣ ሲምሩ በአማርኛ የሚናገሩ፣ የጠፋ ፋይል በጠረኑ የሚያገኙ ትልቅ ሰው። ጠረጴዛቸው ላይ ግን ብርጭቆ አይቼ አላውቅም። ባላይም ጻፍኩ። ሪፖርት ዓይን የለውም።

አሁን ወደ እንጨቱ ልምጣ። የቢሯችን ሽንት ቤት ግቢው ጥግ ላይ ነው። ባለጉዳይ እንዳያቆሽሸው ይቆለፍ ተባለ፤ ተቆለፈ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ጠፋ። በሦስተኛው የንብረት ሰውነቴ ተነሣብኝና ክንድ የሚያህል የዋንዛ ቁራጭ አስጠርቤ ቁልፉን በሰንሰለት አሰርኩበት። በቀይ ቀለም «ሽንት ቤት» ብዬ ጻፍኩበት፣ የንብረት ቁጥርም ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ጠፍቶ አያውቅም። እንዴትስ ይጠፋል? ከቦርሳ አይገባ፣ ከነጠላ ስር አይደበቅ። እኔ ዘንድ ተፈርሞ ይወሰዳል፤ የወሰደውም ሰው ባለጉዳዮች አግዳሚ ላይ በተደረደሩበት ኮሪደር አልፎ ነው ግቢው ጥግ የሚደርሰው። እኛ ወንዶቹ? እኛማ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ያውቀናል፤ እሱ ደግሞ አያስፈርምም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እትዬ አስካለ ጎናቸውን ይዘው ከወንበራቸው ወደቁ። በባጃጅ ጭኜ ሐኪም ቤት አደረስኳቸው። ላብ በላብ ሆነዋል፣ ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ኩላሊታቸው ውስጥ ጠጠር ተገኘ። ትልቅ ነው፣ በራሱ ካልወጣ ጅማ ሄደው ይቀደዳሉ ተባለ። ሐኪሙ በቀን ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጡ ጠየቃቸው።

እኔ ቀደምኩ። «ስምንት ብርጭቆ ዶክተር። በየሳምንቱ ሪፖርት አለን።»

«ውሸት ነው» አሉ እትዬ አስካለ ከአልጋው ላይ። «ጠዋት ከቤቴ ስወጣ አልጠጣም። ቢሮ ጠብታ አልቀምስም። ማታ ቤቴ ስገባ ነው የምጠጣው።»

«ለምን?» አለ ሐኪሙ።

እትዬ አስካለ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ሁለት እጃቸውን አራርቀው የእንጨቱን ልክ አሳዩት። ሐኪሙ አልገባውም። እኔ ገባኝ።

«ያንን ተሸክሜ በባለጉዳይ መሀል ላልፍ?» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ቀን ጨነቀኝና ወሰድኩት። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ የልጄ አማት ከደካ ለጉዳይ መጥተው ተቀምጠዋል። ተነሥተው እጅ ነሡኝ። እኔ እንጨት ታቅፌያለሁ። ወደየት ልሂድ? ተመልሼ ለአቶ ታደሰ አስረከብኩ። እሳቸውም አመሰገኑኝ።»

እውነት ነው፤ አመስግኛለሁ። ቁልፍ እንዲህ ቶሎ የሚመልስ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም ብዬ። ከማፈሬ ብዛት ሐኪሙን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ውሃን ምን ያናግረዋል? ድንጋይ፤ ይላሉ አባቶች። የእኛንም የውሃ ነገር ያናገረው ድንጋይ ነው፤ ያውም በሰው ኩላሊት ውስጥ የከረመ።

ሐኪሙ ጠጠር ሌላም ምክንያት እንዳለው፣ ውሃ ማነስ ግን አንዱ እንደሆነ ነገረን። ስለ ስምንቱ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ፤ እንደ ሰውነቱ፣ እንደ ሥራው፣ እንደ አየሩ ይለያያል፣ ሽንት ሲጠቁር መጨመር ነው አለ። ለቆዳስ? አልኩት፤ አመል ሆኖብኝ። «ለእሳቸው ነው ለእርስዎ?» አለኝ።

በሚቀጥለው ግምገማ ሌላው «ሰዓት አላከብርም» እያለ ግለ ሂስ ሲያደርግ፣ እኔ ተነሥቼ «እንጨት አስሬያለሁ» አልኩ። ወንዶቹ ሳቁ። ከሴቶቹ አንዲትም አልሳቀችም፤ ያኔ ነው እትዬ አስካለ ብቻቸውን እንዳልነበሩ የገባኝ። በማግስቱ ቁልፉን አንስቼ ከውስጥ መቀርቀሪያ አስመታሁ። ይኸው እስካሁን ከሽንት ቤቱ የተሰረቀ ነገር የለም። ምን ሊሰረቅ ኖሯል?

ጠጠሩ በስንት ጭንቅ፣ ያለ ቢላዋ ወጣ። እትዬ አስካለ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከስተው ሥራ ገቡና ቀጥታ ወደ እኔ መጥተው እንጨቱን ጠየቁኝ። የሚያነዱት መስሎኝ ደስ እያለኝ ሰጠኋቸው። አላነደዱትም። ከጠረጴዛቸው ጫፍ አጋድመው ውሃ የሞላ ጆግ አስቀመጡበት፤ የቀዩን ጽሑፍ ፊት ወደ እኔ በር አዞሩት። ሲጠማቸው ይቀዳሉ፣ ይጠጣሉ፣ ተነሥተው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ።

ስንት ብርጭቆ እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።