የአማካሪው ጥሩር

[ጎንደር፣ ቁስቋም። ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ በታች ባለው ሜዳ የጥንት ዘበኞችን ሰልፍ አስመስለው የሚያሳዩ ሰዎች ይሰናዳሉ። አንዳርጋቸው የታሪክ ምሩቅ ነው፤ የሰልፈኞቹን ዕቃ ይመረምራል፣ የዘበኞቹም አለቃ ሆኖ ለእንግዶቹ ንግግር ያደርጋል። ስማቸው ደግሞ የአዘዞ መስመር የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ተራ ዘበኛ ሊሆን መጥቷል። ሁለቱም አንድ ጋሻ ይዘው ይጓተታሉ።]

አንዳርጋቸው፦ ልቀቅ! ይሄ ቆዳ አይደለም አልኩህ!

ስማቸው፦ ምነው አያ አንዳርጋቸው፣ ቆዳ ነው እንጂ።

አንዳርጋቸው፦ የምን ቆዳ? የበሬ ነው? የላም ነው?

ስማቸው፦ የማኪና።

አንዳርጋቸው፦ ማኪና ቆዳ አለው?

ስማቸው፦ የኋላ ወንበሩን ገፍፌ ነው።

አንዳርጋቸው፦ [ጋሻውን አገላብጦ] ኧረ ጉድ! «ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» ይላል እኮ!

ስማቸው፦ ታዲያ ያኔ ይፈቀድ ነበር?

አንዳርጋቸው፦ ያኔ ሲጋራ የሚባል ነገር አልነበረም!

ስማቸው፦ ይኸው፣ ልክ ነኛ! ማንም አያጨስም ነበር።

አንዳርጋቸው፦ ስማኝ አንተ ሰውዬ። በመጀመሪያ «አያ» አትበለኝ፤ እኔ የታሪክ ትክክለኛነት አማካሪ ነኝ። ሁለተኛ፣ ይሄን ወንበር ተሸክመህ አትሰለፍም።

ስማቸው፦ በቁስቋም ይዤዎታለሁ! እናቴ ከአዲ አርቃይ መጥታለች። «ልጄ የንጉሥ ዘበኛ ሆነ» ብላ ለአገሩ ሁሉ አውርታ ነው የመጣችው። ያቻትና፣ ከፊት ተቀምጣለች።

አንዳርጋቸው፦ ለአንተ እናት ብዬ ታሪክ አላበላሽም። ከገመዱ ወዲያ ቁምና አጨብጭብ።

ስማቸው፦ [ድምፁ ዝቅ ብሎ] ምን ብላ ትመለስ? «ልጄ አጨብጫቢ ሆነ» ትበል?

አንዳርጋቸው፦ ተመልከት፣ እውነተኛ ማለት እንዲህ ነው! [ካባውን ገለጥ ያደርጋል። ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያደረ ጥሬ የበሬ ቆዳ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ለብሷል፤ ከጀርባው በእርጥብ ጠፍር ተጠፍሮ ታስሯል።] አልተፋቀ፣ አልለፋ! ጥሩር ይባላል፤ ጦር አይበሳውም። ከነእርጥበቱ ይለበስና ገላ ላይ ሲደርቅ የጀግናውን ቅርጽ ይይዛል።

ስማቸው፦ ይሄ መጽሐፍ ላይ አለ?

አንዳርጋቸው፦ ገና ይጻፋል። እኔ ነኝ የደረስኩበት።

ስማቸው፦ [አፍንጫውን ይዞ] ግን ይሸታል።

አንዳርጋቸው፦ የሚሸትህ ታሪክ ነው።

ስማቸው፦ ዝንቡስ?

አንዳርጋቸው፦ ዝንብ ያኔም ነበር!

ስማቸው፦ ሸጋ ነው። ዝንቡ አለፈ፣ እኔ ወደቅሁ።

[በድምፅ ማጉያ የክብር እንግዶቹ እንደዘገዩ ይነገራል። ፀሐይዋ እየከረረች ትሄዳለች። አንዳርጋቸው ሜዳው መካከል እንደቆመ ነው፤ ስማቸው ከገመዱ ወዲያ።]

ስማቸው፦ አያ አንዳርጋቸው፣ ምነው ፊትዎ ቀላ?

አንዳርጋቸው፦ [ትንፋሹ እየተቆራረጠ] ቆዳው... ደረቀ። ጠበበኝ።

ስማቸው፦ ጥበብማ አለዎት። ስንት ዘመን የተማሩ ሰው!

አንዳርጋቸው፦ ጠ-በ-በኝ! ና! ፍታኝ!

ስማቸው፦ [በገመዱ ሥር ሾልኮ መጥቶ፣ ቆቡን ያወልቃል] እኔ ምን ቄስ ነኝ? ከተጸጸቱ ግን እግዜር ይፍታዎ።

አንዳርጋቸው፦ ጠፍሩን... ቁረጥ...

ስማቸው፦ እኔማ ቁርጤን አውቄያለሁ። ወዲያ ቆሜ አጨበጭባለሁ።

አንዳርጋቸው፦ በ... ቢ... ላ!

ስማቸው፦ አሃ! ቀድመው አይሉም! [በማኪና ቁልፍ ይፈገፍጋል፤ በጥርሱም ይሞክራል] ይሄማ እንጨት ሆኗል! ቆይ፣ ቢላ ፈልጌ... [መለከት ይነፋል] ወይኔ! እንግዶቹ ገቡ!

አንዳርጋቸው፦ ንግ... ግሩ...

ስማቸው፦ ውነትም! የአለቃውን ንግግር ማን ያደርገዋል?

አንዳርጋቸው፦ [አንገቱም አልዞር ብሎት በዓይኑ ወደ ስማቸው ይጠቁማል]

ስማቸው፦ እኔ? በወንበር ጋሻ?

አንዳርጋቸው፦ [ዓይኑን ጭፍን ያደርጋል]

ስማቸው፦ እሺ ማለት ነው። [ጋሻውን አንግቦ እንግዶቹ ወዳሉበት ወደ ሜዳው ማዶ እየሮጠ ይወጣል]

[ሰልፉ አልቆ ሕዝቡ ተበትኗል። ስማቸው ላብ በላብ ሆኖ፣ ከሸንኮራ ሻጭ የተዋሰውን ቢላ ይዞ ይመጣል። ጠፍሩን ሲበጥሰው ጥሩሩ እንደ በር ወለል ይላል። አንዳርጋቸው ሳሩ ላይ ይዘረጋል።]

አንዳርጋቸው፦ እፎይ! እፎይ... ተመስገን! ንግግሩስ? እንዴት ሆነ?

ስማቸው፦ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነብኝ። አፌ ላይ የመጣው የዘወትሩ ነው፤ «ንጉሡ እየመጡ ነው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ!» አልኩ። ሰዉ ሁሉ ጠጋ አለ። ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ። እናቴ እልል አለች።

አንዳርጋቸው፦ አዋረድከን! የክብር እንግዳውስ ጋሻህን አዩት?

ስማቸው፦ በእጃቸው ዳበሱት እንጂ። «ጥንታዊ ቅርስ እንዲህ ጠብቃችሁ በማቆየታችሁ ልትመሰገኑ ይገባል» አሉ።

አንዳርጋቸው፦ ጽሑፉስ?

ስማቸው፦ «ግዕዝ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አንዳርጋቸው፦ ምን አልካቸው?

ስማቸው፦ ትልቅ ሰው አሳፍራለሁ እንዴ? አዎን አልኩ።

አንዳርጋቸው፦ [ራሱን ይዞ] እኔ እዚህ ታንቄ ስሞት! ደግሞ አንዲት ሴትዮ መጥታ ጉንጬን በጣቷ ስትወጋ፣ አፍንጫዬን ይዛ ስታዞር ነበር። ማን ናት እሷ ባለጌ?

ስማቸው፦ እናቴ ናት። ይቅር ይበሏት፤ የወፍ ማስፈራሪያ መስለዋት ነው።

አንዳርጋቸው፦ ማስፈራሪያ! እኔ! ሰው ነው አትላትም?

ስማቸው፦ አልኳት። አላመነችም። ቆዳዎን ግን ዳብሳ ዳብሳ «ይሄስ የእውነት ነው» አለች።

አንዳርጋቸው፦ [ከተኛበት በአንዴ ቀና ብሎ፣ ፊቱ በርቶ] አየህ! አየህ! እናትህ ከአንተ ትሻላለች! ሌላስ? ሌላስ ምን አለች?

ስማቸው፦ «ውስጡ ያለው ሰውዬ ነው የውሸት» አለች።