ሁለት አንበሶች በሰባት ሳንቲሜትር ላይ

በዘመነ ሥልጣኑ ለሻለቃው፣ የብርድ ልብስና የፍራሽ ማከማቻውን ባዘዙ በሦስተኛው ዓመት፣ የመጋዘኑ ቁልፍ በጠፋ በሁለተኛው ወር፣ የክፍሉ ልብስ ሰፊ አምሳ አለቃ፣ ፈታሌ ፈትል፣ ሰባሬ መርፌ፣ መዋዔ ዚፕ፣ ይህን ገድል ሠሩ።

ነገሩም እንዲህ ነው፤ ሻለቃው በሰልፍ ቀን የመድፈኞቹን አዲስ ዓርማ አይተው ቅናት እንደ ቁንጫ በላቸው፤ ወዲያውም ለክፍላቸው ዓርማ ሊያስነድፉ መኳንንታቸውን በፍራሽ ክምር መካከል ሰበሰቡ። የመጡትም ከጥይት ይልቅ አቧራ የሚፈሩት ምክትላቸው፣ የአንዲት መኪና አዛዥ የሆኑት የስምሪት ኃላፊ፣ ቁልፉን የጣሉት የንብረት ሹምና ማኅተም ያዢዋ ጸሐፊ ነበሩ። ምክትሉ አንድ አንበሳ ብቻውን ይከፋዋል ብለው ሁለት አስወሰኑ፤ የስምሪት ኃላፊው መብረቅ፣ የንብረት ሹሙ የተመሳቀሉ ሰይፎች፣ ጸሐፊዋም ንስር ጨመሩ፤ ክፍሉ ከተቋቋመ ጀምሮ ከአይጥ በቀር ጠላት አይቶ እንደማያውቅ ያነሣ ግን አልነበረም። ይህ ሁሉ የሚጠለፍበት ጨርቅም ከዳር እስከ ዳር ሰባት ሳንቲሜትር ነበር።

ሻለቃውም አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማ ንገር! ጄኔራሉ በስምንተኛው ቀን ይጎበኙናልና ዓርማው ያን ቀን በክንዳችን ላይ ይዋል። ከአንበሶቹ አንዲት ጥፍር ብትጎድል ልብስ ሰፊው ወደ በረሃው መጋዘን ይሂድ፤ ቤተሰብ ማስከተል ክልክል ነው!»

አምሳ አለቃው ይህን ሲሰሙ ወሽመጣቸው ቁርጥ አለ፤ ከዘጠኝ ዓመት የጠረፍ ኑሮ በኋላ ከባለቤታቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር የጀመሩት ገና ባለፈው ክረምት ነውና። ሚስታቸውን ይወዱ ነበር፤ ይህን መጻፍ አያሳፍርም።

ወእምዝ ወደ ስፌት ክፍላቸው ዘመቱ፤ በመጀመሪያው ቀን ሦስት መርፌ ወደቀ፣ በሁለተኛው አምስት። የአንዱ አንበሳ ጅራት ከንስሩ አፍ ገባ፣ የሌላው ፊት የተቆጣች አክስት መሰለ፣ መብረቁም ሰይፎቹን ተከትሎ ወደ ጠርዝ ሸሸ። በሰባተኛው ቀን ባለቤታቸው ምሳ ይዘው መጡ፤ ዓርማውን አይተው ሳቃቸው ቢያመልጣቸው፣ ባላቸውን ላለማሳዘን የምሳ ዕቃውን መጠቅለያ ጣል አደረጉበት። አምሳ አለቃውም የተሸፈነውን አይተው ከወንበራቸው ተነሡ።

ከዚያም ያን ሁሉ አውሬና ብረት ከሥር ትተው፣ በላዩ አንዲት የታጠፈች ግራጫ ብርድ ልብስ ጠለፉ፤ የዓርማውንም ትርጓሜ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «አንበሶቹ፣ ንስሩ፣ መብረቁና ሰይፎቹ ሳይጓደሉ ከውስጥ አሉ፤ ወታደራዊ ምስጢር ናቸውና ተሸፍነዋል።» መኳንንቱም በየተራ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን እብጠት አገኙ፤ ሻለቃውም በክንዳቸው ላይ አሰፉት።

ጄኔራሉ መጥተው ባዩ ጊዜ ተደነቁ፤ እንዲህም አወጁ፦ «ሥራውን በክንዱ ላይ ያልዋሸ ክፍል ዛሬ አየሁ! የዚህ ባለቤት ይታወቅ!» ሻለቃውም ደረታቸውን ነፍተው፣ «ሐሳቡም ንድፉም የኔና የኔ ብቻ ነው!» ሲሉ ለሰልፉ ሁሉ አሰሙ። ጄኔራሉም ወዲያው ሁለተኛ አዋጅ አወጡ፦ «እንዲህ ያለ ጭንቅላት እዚህ አይባክንም። የበረሃው መጋዘን ዓርማ የለውምና ነገ በጠዋት ይሂዱ፤ ቤተሰብ ማስከተል ክልክል ነው!»

ስለዚህ ምስጋና ይድረሳቸው ለአምሳ አለቃው፣ ያለ ጥይት ድል ላደረጉ፣ ክብሩን ለተስገበገበለት ትተው ጎጇቸውን ላተረፉ፣ «የኔ ነው» በሚባልበት ሰዓት ዝም ማለትን ለቻሉ። ማዕረጋቸው እስከ ዛሬ አምሳ አለቃ ነው፤ እራታቸውን ግን ከሚስታቸው ጋር ይበላሉ።