ማንም ሳይሞት መሮጥ

እኛ አገር ትልቅ ሰው ዝም ብሎ አይሮጥም። ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ደብረ ማርቆስ ላይ ሕፃን ይሮጣል፣ ተማሪ ይሮጣል፣ ቱታ የለበሱት የስፖርት ልጆችም ይሮጣሉ። ነጠላ የለበሰች ሴት ከሮጠች ግን አንድ ነገር አለ። ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ከብት የሰው ማሳ ገብቷል፣ ወይ ሰው ሞቷል። «ለጤናዬ ነው የምሮጠው» ብትል ማን ያምናታል? ጤና ያለውን ሰው ምን አሯሯጠው?

እኔ እታገኝ እባላለሁ። ጤፍ ነጋዴ ነኝ። ዕድሜዬን ተዉት። ሰው በሹክሹክታ የሚያወራውን ግን እኔው ልንገራችሁ፤ የጡት ካንሰር ታምሜ ግራ ጡቴን በቀዶ ጥገና አውጥተውልኛል። ይኸው አልኩት። ምን ሆንኩ? ምንም። ሰፈሬ ግን ስሙን አይጠራውም። «ያ በሽታ» ነው የሚለው። ስሙን ከጠሩት ሰምቶ የሚመጣ ይመስላቸዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ደግሞ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ተረትና ኑሮ መቼ ተገናኝተው!

ሕክምናው ከባድ ነበር፤ አልዋሽም። ፀጉሬ ረገፈ፣ እህል ውኃ አስጠላኝ። ያኔ ሰው ባይኖረኝ ኖሮ አልነሣም ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። ችግሩ የመጣው ከዳንኩ በኋላ ነው። ሐኪሙ «ሕክምናው አልቋል፣ ከእንግዲህ ለክትትል ብቻ ነው የምትመጪው» ሲል ለእኔ ነገረኝ እንጂ ለጠያቂዎቼ አልነገራቸውም! አጥሚቱ በፔርሙስ መምጣቱን ቀጠለ። ቁና ሳነሣ «ኧረ ተይ በሞቴ!» ይሉኛል። ወንፊት ስይዝ «ቁጭ በይ!» ይሉኛል። ድኛለሁ ስላቸው «እንዳፍሽ ያድርገው» ብለው በሐዘን ይተያያሉ። እንግዲህ ስቀመጥ፣ አጥሚት ስጠጣ፣ መልሼ ስቀመጥ ወፈርኩ። ክንዴ ደግሞ ደረቀ። ቀሚስ በራሴ ማጥለቅ አቃተኝ። ከመደርደሪያ ጨው ማውረድ አቃተኝ። ካንሰሩ የተወልኝን ክንድ ርኅራኄ ሊወስደው ነበር እኮ!

ለክትትል ስሄድ ይህን ያየች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ልጄ የምትሆን ልጅ፣ ተቆጣችኝ። «እማማ፣ ይኼን ክንድ ማን ነው ተቀመጥ ያለው?» አለች። ጣቶቼን ግድግዳ ላይ አድርጌ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እንዳስኬዳቸው አሳየችኝ። በየቀኑ እንድራመድ፣ ጉልበት ሲኖረኝ ፈጠን እንድል፣ ክንዴ ካበጠ ግን ቶሎ እንድመጣ ነገረችኝ።

ቤቴ ገብቼ ግድግዳው ላይ ጣቶቼን ሳስወጣ ጎረቤቴ ተዋበች አየችኝ። የምጸልይ መሰላት። ነጠላዋን አስተካክላ ከኋላዬ ቆመች። ትንሽ ቆይታ «አሜን» አለች። ምን ላድርግ? እኔም «አሜን» አልኩና ጣቶቼን ስንዝር ያህል ከፍ አደረግኩ።

የዋናው ጭንቀቴ ባለቤት ግን ወንድሜ ነው። ታላቄ ነው፤ ወንድምጋሼ እለዋለሁ። ይጁቤ አጠገብ ያርሳል። «ሱቁን ዝጊ፣ ቤቱን ቆልፊ፣ እኔ ዘንድ መጥተሽ ተቀመጪ፤ በሽተኛ ሴት ብቻዋን አትኖርም» ብሎ በስልክ ቁርጥ አደረገ። ድኛለሁ ስለው «ባዶ ቤት ወድቀሽ ብትገኚ ሰው ምን ይለኛል?» አለ። አያችሁልኝ? የምወድቀው እኔ፣ የሚሰበረው የእሱ ስም! ይጁቤን አልጠላትም፤ የተወለድኩባት ናት። ግን ምድጃ ዳር ተጎልቼ ጠያቂ ስቀበል ልሙት? ያ ሱቅ ባሌ ከሞተ በኋላ በእነዚህ እጆቼ ያቆምኩት ነው። አንዴ ከተዘጋ ማን መልሶ ይከፍተዋል? ወንድሜ «ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እኔም በንዴት አለቀስኩ።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ወጣሁ። እስከዚያ ቀን እራመድ ነበር እንጂ ሮጬ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን እግሬ ካልሮጥኩ አልራመድም አለኝ። ነጠላዬ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ ወገቤ ላይ አገለደምኩት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? ስለዚህ ቆሜ አጠበቅኩት። ከዚያ በይጁቤ መንገድ ከከተማ ወጥቼ ሮጥኩ። አይ እናንተ! ነፋሱ ፊቴን ይገርፈኛል፣ ዓይኔ ያነባል፣ ደረቴ ይነድዳል። ግን ደስ አለኝ። ይህ ሰውነት አሁንም የእኔ ነው አልኩ።

ለካ ቅዳሜ ገበያ ነው! ባላገሩ አህያውን እየነዳ ወደ ከተማ ይመጣል። እንግዲህ በእነሱ ዓይን እዩኝ። በማለዳ፣ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ያገለደመች፣ እንባዋ የሚወርድ ሴት እየሮጠች ስትመጣ መርዶ ካልሆነ ምን ይባላል? ዶሮ ይዘው የሚመጡ አንዲት አሮጊት «ወይኔ! ማን ነው እሱ?» ብለው ጮኹ። ማንም አይደለም ልል አፌን ብከፍት ትንፋሽ ከየት ይምጣ? ይለፉ ለማለት እጄን አወናጨፍኩ። እሳቸው ተከተሉኝ ያልኩ መሰላቸው። ዶሮዎቹን ለጓደኛቸው አስይዘው፣ ነጠላቸውን አገልድመው ተከተሉኝ። የእኛ ሰው ለለቅሶ ደግ ነው። መጀመሪያ ያለቅሳል፤ የሞተው ማን እንደሆነ በኋላ ይጠይቃል። እሳቸውን ያየ ሁሉ ተከተለ። አፍሬ ወደ ከተማ ዞርኩና ፈጠን አልኩ። እነሱም ፈጠኑ።

ቆመሽ አትነግሪያቸውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንዴ ከቆምኩ ዳግመኛ መሮጥ የምችል አልመሰለኝም።

ሰው ሟቹን ካልነገሩት ራሱ ይመርጣል። ከኋላ ያሉት፣ ፊቴን ያላዩት፣ ሲጠያየቁ አንዱ «ያቺ ያን በሽታ የታመመችው ጤፍ ነጋዴ ትሆናለች» አለ። ማን ይከራከረዋል? ሁሉም ሲጠብቀው የከረመ ሞት ነው። እኔ ከፊት እሮጣለሁ፤ እነሱ ከኋላ ለእኔ ያለቅሳሉ። ጤፏ አሸዋ የሌለበት፣ ስፍሯ የማይጎድል እያሉ ሙሾ አወረዱልኝ አሉ። በቁሜ እንዲህ ያመሰገነኝ ሰው አልነበረም!

በዚህ መሃል የይጁቤው ሚኒባስ ከኋላ ደረሰ። ወንድሜ ውስጡ ነው። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ማን እንደሞተ ጠየቀ። «እታገኝ ናት፣ ጤፍ ነጋዴዋ» አሉት።

ከዚያ ድምፁን ሰማሁ። «እታለሜ! ወይኔ እታለሜ!»

ያንን ድምፅ የሰማሁት እናታችን ስትሞት ነው። እግሬ በራሱ ቆመ። ዞር ስል ወንድሜ ጋቢውን ጥሎ፣ ደረቱን እየደቃ፣ ሰዉን ሰንጥቆ ይመጣል። አየኝ። ከዚያ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለስሙ ብቻ የሚሳሳ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ እንዲህ ይወደኛል።

ግን ጎጃሜ ነዋ! እንባውን ሳይጠርግ ተቆጣ። «ማንም ሳይሞት እንዴት ይሮጣል? አብደሻል! ግቢ መኪናው ውስጥ፤ ዕቃሽን ጭነን አሁኑኑ እንሄዳለን» አለ። ሰዉም ከእሱ ጋር ሆነ። በሽተኛ ምን ያስሮጣታል ይላል። ወንድሜን አየሁት። ያቺን ታህል ሮጦ ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል። እኔ ተነሥቼ ቆሜያለሁ፤ ትንፋሼ ተመልሷል።

«ወንድምጋሼ» አልኩት፤ «ልትወስደኝ ከመጣህ ሮጠህ ያዘኝ። ከያዝከኝ ሱቁን ዘግቼ ይጁቤ እገባለሁ፤ ተቀመጪ ያልከኝ ቦታ እቀመጣለሁ። ካልያዝከኝ ግን ሁለተኛ በሽተኛ እንዳትለኝ። ማርያምን!»

ምዬ ሮጥኩ። እሱም ሕዝብ እያየው እንዴት ይቅር? በኮንጎ ጫማው ተከተለኝ። ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች እልል አሉ። እኒያ ባለ ዶሮ አሮጊት «ሩጪ! ሩጪ አንቺ ልጅ!» ይላሉ። ፈራሁ፤ አልደብቃችሁም። ቢይዘኝስ? በማርያም ምያለሁ እኮ። የጫማው ድምፅ አንዴ በጣም ቀረበኝ። ጥርሴን ነክሼ ሱቄን፣ ቁናዬን፣ ቁልፌን እያሰብኩ ገሰገስኩ። የከተማው መግቢያ ደርሼ ዞር ስል፣ ወንድሜ ከሩቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ሰው በጋቢው ያራግብለታል።

የዚያን ቀን እኔ ቤት ምሳ በላ። ስለ ይጁቤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሊሄድ ሲል ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያቺ የሆስፒታሏ ልጅ ለጉልበትም ታውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ ሚኒባሱ ላይ ብቻውን ተሳፈረ።

እንግዲህ ነገ የሚመጣውን እግዜር ያውቃል። ክትትሌን አላስታጉልም። በሽታው እመለሳለሁ ካለ ግን አልጋ ላይ አጥሚት ስጠጣ አያገኘኝም፤ መንገድ ላይ ሮጦ ይድረስብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እኒያ አሮጊት ዶሮዎቻቸውን ይዘው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። አኩርፈዋል። ያለ ሟች ማልቀስ ያናድዳል መሰለኝ።

«ስሚ አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ «እኔ እንደሆን አንዴ አልቅሼልሻለሁ። ስትሞቺ ቀብርሽ ላይ አልመጣም።»

«እማማ፣ ከቀብሬ ለመቅረት እኮ መጀመሪያ እስከዚያ በሕይወት መቆየት ያስፈልጋል» አልኳቸው። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይምጡና አብረን እንሩጥ።»