ስለ አንድ ልቦለድ መጨረሻ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የአገር እድገት በመንገድና በክሊኒክ ብቻ የሚለካ የሚመስለው ሰው ካለ በ፲፱፻፺፱ ዓ.ም. መካነ ሰላም ከተማ አልነበረም ማለት ነው። በዚያ ዓመት፣ የሁለት ሺህን መባቻ ለመቀበል አገሩ ሁሉ ሽር ጉድ ሲል፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልገን አንድ መሥሪያ ቤት የሠለጠኑት አገሮች እንኳ ያልደፈሩትን ጥያቄ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ጥያቄው በአንድ ልቦለድ መጨረሻ ላይ አሰጋሽን ማን አገባት የሚል ነበር።

ጥያቄውን ያነሳው የመሥሪያ ቤቱ የንባብ ክፍል ኃላፊ አቶ የኋላሸት ነው። የክፍሉ ብቸኛ ሠራተኛም እሱ ስለነበር ራሱን በቅንነት ይመራል፣ የራሱን ትእዛዝም ያለ ማንገራገር ይቀበላል። በክፍሉ መቶ ሠላሳ ሁለት መጻሕፍት አሉ። መቶ ሠላሳ አንዱ ስለ ንብ ማነብ፣ ስለ እርከን ሥራና ስለ አቅም ግንባታ የሚያስተምሩ በመሆናቸው ማንም ነክቶ አላበላሻቸውም። የቀረችው አንዷ ልቦለድ ናት። አሰጋሽ የምትባል ኮረዳ ጦር ሜዳ የሄደ እጮኛዋን በፍቃዱን ዓመት ከዓመት ስትጠብቅ ታሳያለች። ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ዝናብ ይዘንባል፤ አውቶቡስ ይቆማል፤ በሩ ይከፈትና ካፖርት የለበሰ ሰው አንድ እግሩን ያወርዳል። ሁለተኛው እግሩ የሚወርደው ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ላይ ነው። ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ደግሞ የለም። መጽሐፉ በስጦታ ከደሴ ሲመጣ ጀምሮ መጨረሻው ተገንጥሎ ነበር፤ ይህንንም የሚያውቀው የኋላሸት ብቻ ነው።

ለሰው ለመናገር አስቦ ነበር። ነገር ግን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በምሳ ሰዓት ከግቢው ግራር ሥር ለሠራተኛው እያነበበ አውቶቡሱ ጋ ሲደርስ፣ የመዝገብ ቤቷ የኔአለም ሌላው ሁሉ ወደ ሥራ እስኪገባ ቆይታ ጠየቀችው።

“ጋሼ፣ ይመጣል?”

የጠየቀችው ስለ በፍቃዱ ብቻ አልነበረም። የእሷም እጮኛ ጅዳ ከገባ ስድስት ወሩ ነበር። የኋላሸት በዚያች ቅጽበት ማለት የነበረበት “አላውቅም” ነው። ይሁን እንጂ የንባብ ክፍል ኃላፊ አላውቅም ቢል የክፍሉን ተልእኮ መጻረር ይሆንበታል፤ በዚያ ላይ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

“ይመጣል” አላት፣ መጽሐፉን ከድኖ። “ካፖርት የለበሰው እሱ ነው። ሰባት ቀን ተደግሶ ይጋባሉ።”

አመነችው። ከጅዳ ሁለት ደብዳቤና አንድ ካሴት መጣ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ሽማግሌ በተላከባት ቁጥር “ይመጣል” እያለች ስትመልስ አሥራ አንድ ዓመት ሞላት። ሽማግሌ ሊልኩባት ከፈለጉት አንዱ የኋላሸት ራሱ መሆኑን የምታውቅ አይመስለኝም። ይወዳት ነበር። አሰጋሽን ባነበበ ቁጥር የሚታየው የየኔአለም ፊት ነው፤ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ሳይቀር። ሰውዬው ላጽናናት ብሎ በራሱ ላይ በር ዘግቷል፤ በሩን ለመክፈት ደግሞ ውሸታም ነኝ ማለት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ መጨረሻውን ለጠየቀው ሁሉ ሰባቱን ቀን ድግስ እየደገመ፣ የጠጁን ብዛት ከዓመት ወደ ዓመት እያሻሻለ ቆየ። ኋላ ኋላማ እሱም ያነበበው መሰለው። ገጹን ከጠየቁት “ሦስት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ” ይላል።

በጥቅምት ወር ንጉሡ የሚባል ሰው ከኩዌት ይዞት በመጣው ቴሌቪዥን ቪዲዮ ቤት ከፈተ። ሳምንት ሳይሞላው ልቦለዱ ፊልም ሆኖ በሁለት ሲዲ ደረሰለት። የኋላሸት ከሁሉም ቀድሞ ሄዶ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ብዕርና ወረቀትም ይዞ ነበር።

የአንባቢ መከራ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይዘንለት። ዝናቡ ፀሐይ ሆኗል። አውቶቡሱ ሚኒባስ ሆኗል። የአሰጋሽ ሹሩባ ተፈትቶ ጸጉሯ ተተኩሷል። ይህን ሁሉ ጻፈ፤ ይህንን ሁሉ ይቅር ባለም ነበር። ይቅር ያላለው ፊቷን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኖረበት ፊት ተወስዶ አንዲት የማያውቃት ቆንጆ ሴት በቦታው ቆማ “አሰጋሽ ነኝ” ስትለው፣ ደረቱ ላይ አንድ ነገር ቁርጥ አለበት። ይህንን ግን አልጻፈውም።

መጨረሻው መጣ። ካፖርት የለበሰው ሰው ሁለተኛ እግሩንም አወረደና ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። የበፍቃዱ ጓድ ነው፤ መርዶ ይዞ የመጣ። አሰጋሽም አልቅሳ ስታበቃ ደብዳቤዎቿን ሁሉ ሲያነብላት የኖረውን የፖስታ ቤቱን ጸሐፊ አገባች።

የኋላሸት ብድግ አለ። “ይኼ ውሸት ነው። መጽሐፉ ላይ እንዲህ የለም።”

“ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑን ጋረዱት” አለው ንጉሡ።

በማግሥቱ አሥራ ስድስት ነጥብ ያለው አቤቱታ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ለወይዘሮ ዓባይነሽ ቀረበ። ፊልሙ በኅብረተሰቡ የንባብ ባህል ላይ የከፋ አደጋ መጋረጡን ያትታል። እውነተኛው አደጋ የኔአለም ፊልሙን እስካሁን አለማየቷና ነገ ልታየው መቻሏ ነበር፤ ይህ አሥራ ሰባተኛ ነጥብ ሆኖ አልገባም።

ወይዘሮ ዓባይነሽ ወዲያውኑ ራሳቸው የሚሰበስቡት ኮሚቴ አቋቋሙ። ንጉሡ ለግምገማ ተጠራ። የቀበሌው ተወካይ አቶ አህመዲን ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ።

“እኔ መጽሐፉንም አላነበብሁ፣ ፊልሙንም አላየሁ” አሉ አህመዲን። “ስለዚህ ለማንም አላዳላም።”

ሰብሳቢዋ ይህ ለሌሎችም አርአያ የሚሆን አቋም መሆኑን ገልጸው ወደ ንጉሡ ዞሩ። “በል፣ ሂስህን ዋጥ።”

“እመቤቴ፣ ፊልሙን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። እኔ ሲዲውን መክተት ነው ሥራዬ።”

“የሠራው ሰው እዚህ አለ?”

“የለም።”

“እንግዲያው እሱን ወክለህ ዋጥ።”

ንጉሡ ትንሽ አሰበና በሁሉም ስም ጸጉሯን መተኮሳቸው ስህተት እንደነበር አመነ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ተመዘገበለት። ከዚያ ግን የማይጠየቅ ጠየቀ። “መጨረሻውን እስቲ ጋሼ የኋላሸት ከመጽሐፉ ያንብቡልን። እኔም ልማርበት።”

የኋላሸት መጽሐፉን እብብቱ ሥር ይዞ ነበር። ክንዱን አጠበቀ። አሥራ አንድ ዓመት የተከበረበት ስም፣ ከስሙም በላይ የየኔአለም እምነት፣ በሌሉ ገጾች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

“መጽሐፉ የመንግሥት ንብረት ነው” አለ። “ከንባብ ክፍል ውጭ እንዳይነበብ መመሪያ አለ።”

“ትክክል ነው፣ መመሪያ ነው” አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ። “በቃል ያስረዳ።”

በቃሉ አስረዳ። ድግሱን፣ ጠጁን፣ ካፖርቱ ሲወልቅ የአሰጋሽን እልልታ ሳይቀር ተረከ። አህመዲን እንባቸው መጣ። “ወላሂ፣ ይሄ ነው ትክክለኛው” ብለው ጻፉ። ኮሚቴውም ፊልሙ ከመጽሐፉ ያፈነገጠ ስለሆነ እንዲታገድ፣ ሲዲዎቹ በማስረጃነት መዝገብ ቤት ገቢ እንዲሆኑ፣ በፍቃዱም መምጣቱ እንዲታወቅ በአንድ ድምፅ ወሰነ። ለማኅደሩ ማጠናከሪያ እንዲሆን አንድ ተጨማሪ የመጽሐፉ ቅጂ ከደሴ ይጠየቅ የሚለውን ሐሳብ በደስታ ብዛት ያቀረበው የኋላሸት ራሱ ነው።

መዝገብ ቤት ማለት የኔአለም ናት። እሷ ደግሞ ሥራ አክባሪ ነች። ማንኛውም ንብረት ገቢ ሲሆን ሙሉ መሆኑ ተረጋግጦ ነው። የሲዲ ሙሉነት በዓይን አይታወቅም፤ ካልተከፈተ። ለመክፈት ማጫወቻ ያስፈልጋል፤ ማጫወቻው የንጉሡ ነው፤ ያለ ንጉሡም እሺ ብሎ አይሠራም። ስለዚህ ንጉሡ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ መጣና ርክክቡ ተጀመረ። በመጀመሪያው ከሰዓት መብራት ጠፋ። በሁለተኛው አንደኛው ሲዲ አለቀ። በሦስተኛው ቀን መጨረሻው ደረሰ፤ የኔአለም ብዙ አለቀሰች፤ ንጉሡም ማልቀሷ እስኪያበቃ ጠበቃት። ከዚያ ለጥንቃቄ ሁለቴ ደገሙት። ርክክቡ በጠቅላላው ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ እንዲህ ያለ የተሟላ ርክክብ ታይቶ አይታወቅም። የኋላሸት በደጁ ሲያልፍ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ሁለቱ ሲያወሩ አይቷል። ስለ ሲዲ ነው ብሎ አለፈ።

ቅጂው በታኅሣሥ ደረሰ። ሙሉ ነው። የኋላሸት የንባብ ክፍሉን በር ቆልፎ ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሦስትን ገለጠ። ሰውዬው ወረደ፤ ሌላ ሰው ነው። መርዶውም፣ የፖስታ ቤቱ ጸሐፊም፣ ሁሉም ፊልሙ እንዳለው ነው። ፊልሙ ያላሳየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጸሐፊው አሰጋሽን ለመጠየቅ የፈራባቸው ዓመታት በአሥራ ሁለት ገጽ ተጽፈዋል። የኋላሸት እነዚያን ገጾች እያነበበ እንደ ልጅ አለቀሰ። በሕይወቱ ስለ እሱ የተጻፈ ነገር ሲያነብ የመጀመሪያው ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰባት ቀን ድግስ ሲደግስ፣ መጽሐፉ አሰጋሽን ለእሱ ድሮለት ኖሯል።

በዚያው ስሜት ወደ ኃላፊዋ ገባ። “ውሳኔው ይታረም። ፊልሙ ትክክል ነው። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።”

ወይዘሮ ዓባይነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። “ውሳኔው ለዞን ሪፖርት ተደርጓል። በሩብ ዓመቱ ከእቅድ በላይ የፈጸምነው እሱን ብቻ ነው።”

“መጽሐፉ ግን ይኸው።”

“እንግዲያው ያጠፋው መጽሐፉ ነዋ።”

“መጽሐፉ እኮ ከውሳኔያችን በፊት የተጻፈ ነው።”

“የቀደመ ሁሉ ትክክል ነው የሚል መመሪያ አለህ?”

አልነበረውም። መጽሐፉ ከቃለ ጉባኤው ጋር እስኪጣጣም ድረስ ታሽጎ መዝገብ ቤት እንዲቀመጥ ደብዳቤ ተጻፈ። የኋላሸት ግን አልከፋውም። መዝገብ ቤት የሚያደርሰው ራሱ ነው። በመንገዱ ላይ የሚናገረውን ተለማመደ፤ ኮቱን አራግፎ ገባ።

“ኸይር ነው ጋሼ? ይቀመጡ” አለች የኔአለም፣ መዝገቧን እየሳበች።

“ከማሸግሽ በፊት መጨረሻውን አንብቢው። ካፖርት የለበሰው በፍቃዱ አይደለም።”

“አውቃለሁ። ሦስቴ አይቼዋለሁ።”

“የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ነው የሚያገባት። ሲያነብላት የኖረው ሰው።”

“እሱንም አውቃለሁ፤ አሳዝኖኛል።” ከመሳቢያዋ አንድ ካርድ አውጥታ ሰጠችው። “ሠርጋችን ከጥምቀት በኋላ ነው። ንጉሡ ራሱ ሊያመጣልዎ ነበር፤ ፊልሙን ስላሳገዱበት ትንሽ ፈርቶዎታል።”

የኋላሸት ካርዱን ከፊትም ከኋላም አየው።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ” አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ያኔ ከግራሩ ሥር ይመጣል ሲሉኝ፣ ከየት አምጥተው ነበር?”

አላውቅም ነበር ሊላት ይችላል። እወድሽ ነበር ሊላትም ይችላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም አፉ ላይ ነበሩ። ቀና ብሎ ግን ከበስተጀርባዋ መደርደሪያው ላይ የቆመውን የኮሚቴውን ማኅደር አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

“በቃለ ጉባኤው መሠረት” አለ፣ “ይመጣል።”

የኔአለም መጽሐፉን ከእጁ ተቀብላ ማኅተሟን ስታሳርፍ፣ “አብሽሩ ጋሼ፣ አይዞዎት” አለችው። “የመጣ ዕለት እርስዎ ይቀበሉታል።”