በሁዳዴ የተለካ ኮት

ኮት ጠበበኝ ብሎ ደረቱን ሊያስቆርጥ የሄደ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል።

ታደሰ የሚባል ወዳጄ ከፍላቂት ላሊበላ ሚኒባስ ይነዳል። የግንቦት ሠርጉን ኮት ያሰፋው በሁዳዴ፣ ሽሮና ቆሎ ደረቱን እንደ ሰሌዳ ባደረጉት ጊዜ ነበር። ከዚያ ፋሲካ መጣ። በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ቅቤውና የበጉ ላት ሥራቸውን ሠሩ። ሠርጉ ሲቃረብ ኮቱን ቢለብሰው አዝራሩ አልደርስ አለ። መቼም ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደ ትሉ ይሆናል። እሱ ግን ደሴ፣ ሐኪም ቤት ሄደ።

«ዶክተር፣ ይህን ጡት ቁረጭልኝ፤ ሠርጌ ደርሷል።»

ሐኪሟ ዳበስ አድርጋ አየችው። «መቼ ነው የወጣብህ?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«በሁዳዴስ?»

«በሁዳዴማ የት ነበረ?»

«ወንድሜ፣ ይኼ ስብ ነው። በጾም ለሚሄድና በፍስክ ለሚመጣ ደረት ቢላዋ አላነሳም። ይልቅ ኮቱን አስፋው።»

ኮቱ ሰፋ፤ ሠርጉም አማረ። የሐዋርያት ጾም አለፈና ፍልሰታ ገባ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ታደሰ ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ያቺ ዶክተር ደረት መጨመርስ ትችል ይሆን?»