አክስቴ ለሳተላይቷ የጸለዩት ጸሎት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት አባቶቻችን ግማሹን ተሳስተዋል። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ለእናንተ ልተወውና እኔ ስለ ሰማይ ብቻ ላውራ። ሰማይማ ይኸው እየታረሰ ነው። እኛ የወላይታ ሶዶ ሰዎች ቀና የምንለው የዳሞታ ተራራ ጉም ሲደርብ፣ የተሰጣ ልብስ ለማንሳት ነው፤ ከዚያ ጉም በላይ ግን የሰው እጅ የሠራው ነገር እንደ ንብ ይዞራል። ከንቦቹ አንዷን ከሠሩት እጆች መካከል ሁለቱ የአክስቴ ልጅ የምህረት ናቸው።

ምህረት ባሕር ማዶ፣ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ናት። ኔትወርክ ላልደረሰበት ገጠር ስልክና ኢንተርኔት የምታቀብል ሳተላይት ይሠራሉ። የመጀመሪያዋ ከነሮኬቷ ተቃጥላ ቀረች። ሁለተኛዋም ካልተሳካች ድርጅቱ ይዘጋል፣ ምህረትም ጓዟን ጠቅልላ አገሯ ትገባለች። ይህን የነገረችን ራሷ ናት።

ሁለተኛዋ በምትወነጨፍበት ቀን እናቷ፣ አክስቴ ወይዘሮ ማርታ፣ ተበላ ከተማ አጠገብ ካለው፣ ኔትወርክ ከማይደርስበት መንደራቸው በሚኒባስ ተሳፍረው እኔ ቤት መጡ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ቴሌቪዥኑን ከፍቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሮኬቱ የኪራይ ነው» አልኳቸው። «ከየአገሩ ሳተላይት ሰብስቦ ይጭናል።»

«እንደኛ ሚኒባስ?»

«እንደዚያው።»

«ትርፍ እንዳይጭን ብቻ።»

ሳተላይቷ ድምፅ ቶሎ እንዲደርስ ለምድር ቀረብ ብላ እንደምትዞር ስነግራቸው ደስ አላቸው። «ቀረብ ማለት ጥሩ ነው» አሉ።

ቆጠራው ሲጀመር ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር። እሳቱ ቦግ አለ፣ ጭሱ ሜዳውን ሞላው፣ ሮኬቱ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሰማያዊው ውስጥ ሰጠመ። ብዙም ሳይቆይ ምድር ከታች ጎበጥ ብላ፣ ደመናዋን እንደ ነጠላ ጣል አድርጋ ታየች። እመኑኝ፣ የተቀመጥኩበት ወንበር ከወለሉ የተነሳ መሰለኝ።

«ወጣ?» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው።

«ወጣ። ሳተላይቷ ግን ገና ከሮኬቱ መለየት አለባት።»

«እኔ እኮ እንዲወድቅ ልጸልይ ነበር የመጣሁት» አሉ።

ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ከወደቀ ትመጣለች ብዬ ነው። ጀመርኩት ደግሞ። ‹ጌታ ሆይ፣ ይህን ነገር ጣለው› ልል ስል፣ ድሮ ፈተና ጨንቋት ቁርሷን ሳትበላ የምትወጣው ልጄ መጣችብኝ። አፌ እምቢ አለ። ‹ያዘው› ብዬ ጨረስኩት።»

ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ከሮኬቱ ያለ አንዳች ድምፅ ተለየች። ፀሐይ እያበራባት ቀስ ብላ እየዞረች ወደ ጥቁሩ ባዶ ሄደች። አክስቴ ተነስተው፣ መንገደኛ እንደሚሸኝ ሰው እጃቸውን አወዛወዙላት። «ሂጂ በቃ» አሉ። እኔም፣ ትልቁ ሰውዬ፣ ሳላስበው እጄን አነሳሁ።

ስልኬ ጮኸ። ምህረት ናት፤ በቪዲዮ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

«አዬ!» አለች፤ በወላይትኛ እናቷን መጥራቷ ነው። «አዬ፣ ተሳካልን!»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ታዲያ ለጊፋታ ትመጫለሽ? ዓመቱን እዚሁ ከኛ ጋር ትቀበያለሽ?»

«ዘንድሮ እንኳ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ግን ምን ቸገረን፣ አዬ! ይቺ ሳተላይት ሥራ ስትጀምር ኔትወርክ እቤትሽ ድረስ ይመጣልሻል። በየቀኑ እንተያያለን፤ መምጣት ራሱ አያስፈልግም!»

አክስቴ የልጃቸውን ፊት አተኩረው አዩት። ከዚያ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ኔትወርክ የለም በላት።»